የልደት መዝገብ ለቤተሰብ ታሪክ ጥናት፦ የት ይገኛል፣ እንዴት ይጠየቃል

የልደት መዝገብና የልደት ካርድ በምን ይለያሉ?

የልደት መዝገብ አንድ ሰው መቼ፣ የትና ከማን እንደተወለደ የሚገልጽ፣ ኃላፊነት ባለው አካል እጅ የሚቀመጥ ጽሑፍ ነው። መዝጋቢው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ በተለምዶ «የልደት ካርድ» የሚባለው፣ መዝገቡን መሠረት አድርጎ ለባለጉዳይ የሚሰጥ ማስረጃ ነው። ባለጉዳይ ይዞት የሚሄደው ካርዱን ሲሆን መዝገቡ እዚያው ይቀራል።

ለፓስፖርት ወይም ለትምህርት ቤት ጉዳይ የሚጠየቀው ካርዱ ነው። ለቤተሰብ ታሪክ ጥናት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1940ዎቹ የተወለዱ ሰው የልደት ካርድ በ1990ዎቹ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። በእንዲህ ያለው ካርድ ላይ የሰፈረው ቀን ካርዱ ሲወጣ ባለጉዳዩ ወይም ምስክሮቹ የተናገሩት እንጂ ልደቱን ያየ ሰው በዚያው ሰሞን የጻፈው አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ሰነድ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው የልደቱ ቀን ሳይሆን ሰነዱ የተጻፈበት ቀን ነው።

በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ ለምን ዘገየ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገቦች ሰፊ ድንጋጌዎች ነበሩት። ሆኖም ይኸው ሕግ ስለ መዝገቦቹ የተደነገገው በነጋሪት ጋዜጣ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ካልሆነ ሥራ ላይ እንዳይውል አግዶት ነበር። ጉዳዩ ሳይንቀሳቀስ ግማሽ ምእተ ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ወሳኝ ኩነት የሚባሉት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ሲሆኑ፣ የሚመዘግበው ባለሥልጣን የክብር መዝገብ ሹም ይባላል።

ከዚያ በፊት አብዛኛው ሕፃን የሚወለደው በቤት፣ በልምድ አዋላጅ እጅ ነበር። ገበሬው ለመዝራትም ሆነ ልጁን ለመዳር የልደት ወረቀት የሚጠይቀው አልነበረም። ወረቀቱ የሚፈለገው ሰው ከተማ ገብቶ ሥራ ሲቀጠር ወይም ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ስለነበር፣ እንደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ያሉ የከተማ አስተዳደሮች ለጠየቃቸው ሰው የልደት ማስረጃ ይሰጡ ነበር። በዚህ ምክንያት ከ2008 ዓ.ም. በፊት ስለተወለደ ሰው የሚደረግ ፍለጋ በአንድ መሥሪያ ቤት አያልቅም። ልደቱ በጊዜው የት የት ሊጻፍ ይችል እንደነበር አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።

ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

ፍለጋው ከቤት፣ ከዕድሜ ባለጠጎች ይጀመራል። ይህ ለአረጋውያን ክብር ሲባል ብቻ የተመረጠ ቅደም ተከተል አይደለም። ቢሮም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መዝገብ ለማስገለጥ የሰውየው ሙሉ ስም፣ የተወለደበት አጥቢያና የዓመቱ ግምት ያስፈልጋሉ፤ እነዚህን የሚያውቁት የቤተሰቡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ርስት በዘር ይወረስባቸው በነበሩ እንደ ጎጃም፣ ጎንደርና ሰሜን ሸዋ ባሉ አካባቢዎች፣ የመሬት ድርሻ ለመጠየቅ በአባትም በእናትም ወገን እስከ አቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ቅድመ አያት) ድረስ ትውልድ መቁጠር ግድ ነበር። የትውልድ ቆጠራ በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ስለነበር በጥንቃቄ ይያዝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቆጠራው ጥቅሙን አጣ። ዛሬ የሚያውቁት ሰዎች በዚያ ዘመን ለዐቅመ አዳም ደርሰው የነበሩ ናቸው፤ ከመዝገብ ፍለጋው በፊት እነርሱን ማነጋገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስምን በሚመለከት ሁለት ነገሮች በጥብቅ ይጣራሉ። አንደኛው አንድ ሰው ከአንድ በላይ ስም ያለው መሆኑ ነው። እናት ያወጣችው ስም፣ አባት የጠራበት ስም፣ የክርስትና ስምና በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ የተያዘው ስም ሊለያዩ ይችላሉ። የቤተሰብ የጋራ መጠሪያ የሚባል ነገር ስለሌለና ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም ስለሆነ፣ ሦስቱም ካልታወቁ ሰውየውን ከሞክሼው መለየት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ የሴት አያቶች ፍለጋ በዚህ በኩል ይቀላል።

ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። ኃይሉ የሚለው ስም በሌላ መዝገብ ሀይሉ ወይም ሐይሉ ተብሎ፣ ዓለሙ የሚለውም አለሙ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ የሚጀምሩ ስሞች በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገብ ውስጥ ተራርቀው ይገኛሉ። አንድ አጻጻፍ ብቻ ተፈልጎ «የለም» ከተባለ ፍለጋው ገና አልተጠናቀቀም።

በቃል የተነገረ ዘመን እንዴት ይሰላል?

የልደት ቀን በዓመት በዓመቱ የማክበር ልማድ ባልነበረበት ቤተሰብ «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» የሚል ጥያቄ አያዋጣም። ዘመኑ የሚወጣው ልደቱ ከሚታወስ ነገር በፊት ነው ወይስ በኋላ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ ቀናቸው የታወቀ ክንውኖች አሉ፦ የሰገሌ ጦርነት (ጥቅምት 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ (ጥቅምት 23 ቀን 1923)፣ የማይጨው ዘመቻ (1928)፣ የንጉሡ መመለስ (ሚያዝያ 27 ቀን 1933)፣ የታኅሣሥ ግርግር (1953)።

ሽማግሌዎች ከዚህ በላይ የሚያስታውሱት ዘመነ ወንጌላዊውን ነው። ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም እየተፈራረቁ በየአራት ዓመቱ ይመለሳሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ድምሩ ለአራት ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው።

ለምሳሌ አንዲት አያት «በዘመነ ሉቃስ፣ በጽጌ ጾም፣ አባቴ ሳይዘምት» ተወለድኩ ቢሉ፣ ከማይጨው በፊት ያሉት ቅርብ የሉቃስ ዓመታት 1923 እና 1927 ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ከንግሡ በኋላ መወለዱ ከታወቀ 1923 ይወድቃል፤ 1927 ይቀራል። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ልደታቸው በ1927 ዓ.ም. በእነዚህ አርባ ቀናት ውስጥ ነው። ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲለወጥ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 ቀን 1934 ይሆናል። አንድም ወረቀት ሳይገለጥ ከተነገረ ሦስት ቃል ይህን ያህል ማግኘት ይቻላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደሚደመር መዘንጋት ግን የአንድ ዓመት ስሕተት ያስከትላል፤ ውጭ አገር በሚገኙ ሰነዶች ላይ ከሚታዩት ልዩነቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ምን ይነግራል?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። መዝገብ በሚይዝ ደብር ይህ ቀን በክርስትና መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው፦ ተራ ቁጥር፣ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ የተጠመቀበት ቀን፣ ያጠመቀው ካህን። የልደት ቀን አምድ ባይኖረውም ቀኑ ከጥምቀቱ ወደ ኋላ በመቁጠር ይገኛል። ታኅሣሥ 10 በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ወንድ ልጅ የተወለደው ኅዳር 1 ነው፤ ታኅሣሥ 20 በሰማንያ ቀኗ የተጠመቀች ሴት ልጅ የተወለደችው ጥቅምት 1 ነው። ሕፃኑ ታምሞ ቀድሞ ከተጠመቀ ወይም ወላጆች ከዘገዩ ስሌቱ ስለሚዛባ ውጤቱ «አካባቢ» ከሚል ቃል ጋር መመዝገብ አለበት።

የክርስትና ስምም ፍንጭ ይሰጣል። ወለተ ሚካኤል የተባለች ልጅ ወር በገባ በ12፣ ገብረ ማርያም የተባለ በ21 አካባቢ ተወልዶ ወይም ተጠምቆ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ስሙ የደብሩን ታቦት ወይም የወላጆችን ስለት ተከትሎ ሊወጣ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው የክርስትና አባት ስም ነው። የክርስትና አባት ብዙ ጊዜ የቅርብ ወዳጅ ወይም ጎረቤት በመሆኑ፣ የእርሱ ዘሮች የሌላውን ቤተሰብ ታሪክ ይዘው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

መዝገብ በሁሉም አጥቢያ የለም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ (የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ) የምእመናን ምዝገባን ሥርዓት ለማስያዝ ረድቷል፤ ከዚያ በፊት ግን ጉዳዩ በደብሩ አስተዳዳሪና ጸሐፊ ትጋት ላይ ያረፈ ነበር። በጥንታውያን አድባራት በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፉ የመሬት ስጦታና የውርስ ማስታወሻዎች ይገኛሉ። እነዚህ ልደት አይመዘግቡም፤ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ግን በግልጽ የሚናገሩበት ጊዜ አለ።

በሌሎች የእምነት ተቋማትስ?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት መዝገብ እንዲይዝ፣ በመዝገቡም የልደት ቀንና ቦታ እንዲጻፍ ያዛል። ሰውየው በኋላ ሲያገባ ጋብቻው በዚያው የጥምቀት ጽሑፍ ጎን ይመዘገባል። በዚህ ምክንያት አንድ ገጽ የልጅነትንም የጋብቻንም ታሪክ ሊሰጥ ይችላል፤ ለአጥኚ ከዚህ የተሻለ መዝገብ በአገሪቱ ማግኘት ይከብዳል።

በሙስሊም ቤተሰቦች በልጅ ልደት የሚደረገው አቂቃ በአብዛኛው በጽሑፍ አይመዘገብም። ፍለጋው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዛግብት ያመራል፤ እዚያ የሚገኙት የኒካህና የውርስ ጉዳዮች ናቸው። የውርስ ፋይል የሟቹን ልጆች ወንድና ሴት ለይቶ፣ ሚስቶችንም ዘርዝሮ ስለሚያቀርብ የዘር ሐረግን ለመሥራት እጅግ ይጠቅማል። በመደበኛ ፍርድ ቤት የሚወጣው የወራሽነት ማስረጃም እንዲሁ ነው። የልደት ወረቀት ፍለጋ ላይ ብቻ የሚያተኩሩ ሰዎች ይህን ምንጭ ማለፋቸው የሚያስቆጭ ነው።

ከቀበሌ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋም ምን ይገኛል?

የከተማ ቀበሌዎች የተቋቋሙት ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ነው። ቀበሌው መታወቂያ የሚሰጠው በቤት ቁጥር በተያዘ የቤተሰብ ቅጽ መሠረት ስለነበር፣ ቅጹ የአባወራውን፣ የእማወራዋን፣ የልጆችንና አብረው የሚኖሩ ዘመዶችን ስምና ዕድሜ ይይዛል። ዕድሜው ግምት ቢሆንም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ሰነድ ለማግኘት ያዳግታል።

የትምህርት ቤት መዝገብ የልጁን ዕድሜ፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስም ይይዛል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ከልደቱ ገና ብዙ ስላልራቀ ዕድሜው ከጎልማሳነት ሰነዶች ይልቅ ይታመናል። በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ለተወለደ ሰው የማዋለጃ ክፍል መዝገብና የክትባት ካርድ ይፈለጋሉ። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት የቤተሰብ ፎልደር (የአንድ ቤተሰብ የጤና መረጃ የሚቀመጥበት ማኅደር) ለቅርቡ ትውልድ ይጠቅማል።

የቦታው ስም ተለውጦ ሲገኝስ?

በንጉሡ ዘመን አስተዳደሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ የተዋቀረ ነበር። «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ» ተብሎ የተጻፈ ቦታ ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ሊገኝ ይችላል። በደርግ ዘመን፣ ከዚያም በክልል አወቃቀር ወሰኖች ስለተቀያየሩ የአንድ ቀበሌ ፋይል ወደ ሌላ ወረዳ መዝገብ ቤት ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ አጥቢያው መልሕቅ ነው፤ የወረዳ ስም ሲለዋወጥ የደብር ስም ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በማስታወሻ ላይ የድሮው አስተዳደር ስም፣ የዛሬው አስተዳደር ስምና አጥቢያው ሦስቱም ጎን ለጎን ይጻፋሉ። የቆዩ የመንግሥት ሰነዶችን በተመለከተ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያለበት ቦታ ነው።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ማመልከቻው የተፈላጊውን ሰው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የታወቁ ሌሎች ስሞችን፣ የወላጆችን ስም፣ የልደት ቦታና ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሚገመት፣ የጠያቂውን ዝምድናና የጥያቄውን ዓላማ ይይዛል። «ከ1925 እስከ 1929 ያለው መዝገብ ይታይልኝ» የሚል ጥያቄ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራውን ያቀልለታል፤ «የአያቴን መዝገብ ፈልጉልኝ» የሚል ግን መዝገቡን ሁሉ እንዲያገላብጥ ያደርገዋል። ዝምድናን ለማሳየት መታወቂያና እንደ ወራሽነት ማስረጃ ያለ ሰነድ መያዝ ተገቢ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚቀርብ ጥያቄ የባለቤቱን ፈቃድ መያዝ ይኖርበታል።

የመንግሥት ምዝገባ የሚጠየቀው በቀበሌ ወይም በወረዳ በሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ጽሕፈት ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ቅርንጫፎች አሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ጊዜው ያለፈበትና ከአዋጁ በፊት የነበረ ልደትም ተጨማሪ ማስረጃ ቀርቦ ይመዘገባል። በደብር ጥያቄው ለአስተዳዳሪው ወይም ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በበዓል ሰሞን መሄድ አይመከርም፤ ጸሐፊው መዝገብ የሚያገላብጥበት ፋታ አይኖረውም።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ለአገር ቤት ዘመድ ውክልና መስጠት ይችላል። ውክልናው በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። በውክልናው ላይ «ከቤተ ክርስቲያን፣ ከቀበሌ፣ ከትምህርት ቤትና ከፍርድ ቤት ማስረጃ የመጠየቅና የመቀበል» ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈ ወኪሉ ከበር ሊመለስ ይችላል።

ሁለት ሰነዶች ሲጋጩ የትኛው ይታመናል?

መጋጨታቸው የሚጠበቅ ነው። ለልደቱ ቀርቦ የተጻፈው፣ ልደቱን በሚያውቅ ሰው ቃል የተጻፈውና ዕድሜን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ምክንያት በሌለበት የተጻፈው ይመረጣል። በሱዳን በኩል ተሰደው ወደ አሜሪካ የገቡ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ብዙዎቹ ሲገቡ በግምት የተሰጠ ቀን ነው ያላቸው። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ዕድሜያቸው ከፍ ተደርጎ ፓስፖርት የወጣላቸው እህቶችም አሉ። እነዚህ ሰነዶች በሕግ የጸኑ ቢሆኑም ለቤተሰብ ታሪክ የሚመሰክሩት ስለ ጉዞው እንጂ ስለ ልደቱ አይደለም።

የተጋጩት ቀናት አንዱ ተሰርዞ ሌላው አይተካም። ሁለቱም ከምንጫቸው፣ ከተጻፉበት ቀንና ከተገኙበት ቦታ ጋር ይቀመጣሉ፤ የትኛው ለምን እንደተመረጠም ይጻፋል። ነገ ሌላ የቤተሰብ አባል አዲስ ማስረጃ ሲያገኝ ፍርዱን ሊያሻሽል የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

መዝገቡ ከተገኘ በኋላ ምን ይደረጋል?

ከጽሑፉ ጋር የመዝገቡ መለያ፣ የገጹ ቁጥር፣ ተራ ቁጥሩና ያሳየው ጽሕፈት ቤት ስም ይመዘገባል። ፎቶ ማንሳት ከተፈቀደ የሚነሣው የተፈለገው መስመር ብቻ ሳይሆን ሙሉው ገጽ ነው፤ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች የወንድም፣ የእህት ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ፊደሉ ሲገለበጥ እንደተጻፈው ይገለበጣል፤ ስሕተት ቢመስልም አይታረምም።

አብዛኞቹ የአጥቢያ መዛግብት ያላቸው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ዝናብ በሚያፈስ ዕቃ ቤት፣ ምስጥ በሚገባበት ሣጥን የተቀመጡ አሉ፤ በጦርነት የጠፉትም ጥቂት አይደሉም። ሰበካ ጉባኤያትና ከየአጥቢያው የወጡ ልጆች ተባብረው መዝገቡን ገጽ በገጽ በፎቶ ቢያስነሡና ሁለተኛውን ቅጂ በሀገረ ስብከቱ ቢያስቀምጡ፣ ወጪው ከአንድ ዓመታዊ ክብረ በዓል ድግስ አይበልጥም። ይህ ሥራ መዝገቡ ገና ሳለ መጀመር አለበት።